ካባ ላይ ኖራ አይነሰነስም፦ «የተቆፈረው ተራራ በአንድ ክረምት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ከግሩፕ ግሩፕ እየዞረ ያለ «የተቆፈረው ተራራ በአንድ ክረምት» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ድሬዳዋና ሐረር ያለ ሰው ያላየው የለም ማለት ይቻላል፣ ስራዬ ችግኝና አፈር ስለሆነ ለኔም ብዙ ሰው ልኮልኛል። በቅን ልብ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል፣ ሰውም የወደደው ለዛ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ምክር እንዳለ ተወስዶ መሬት ላይ ከዋለ የስንት ሰው ጉልበትና ገንዘብ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን በአግባቡ ላስቀምጥ። በድሬዳዋ ዙሪያ ለሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ የሚወጣበት፣ በሐረር ዙሪያ ደሞ ለግንባታ ድንጋይና ገረጋንቲ የሚቆፈርበት ካባ ስራው ሲያልቅ እንዲሁ ተጥሎ ይቀራል ይላሉ። መሬቱ የሞተ ስለሆነ ከሌላ ቦታ ለም አፈር በመኪና ተጭኖ መጥቶ 30 ሳንቲ ሜትር ይልበስ፣ የተጎዳ አፈር አሲዳማ ስለሚሆን ኖራ ይነስነስበት፣ ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ይጨመር፣ እንዳይሸረሸር በዶዘር ተስተካክሎ በሮለር ይጠቅጠቅ፣ ከዛ ቶሎ የሚያድጉት ባህር ዛፍና ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ይተከሉ፣ ይሄ ከተደረገ በአንድ ክረምት ጋራው አረንጓዴ ይሆናል ነው የሚሉት። ባጭሩ ይሄ ነው፣ ያጎደልኩባቸው ያለ አይመስለኝም።

ትክክል ያሉትን አልክድም። ካባው ተጥሎ መቅረቱ እውነት ነው፣ የተተወ ጉድጓድ ክረምት ላይ ውሃ ቋጥሮ ለልጅም ለከብትም አደጋ ነው ያሉትም እውነት ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ትልልቅ ባለፈቃዶች ለመልሶ ማልማት ገንዘብ እንዲመድቡ ያስገድዳል፣ ጸሐፊው አዋጁን ባይጠቅሱትም «ቆፋሪው ይክፈል» ማለታቸው ከሕጉ ጋር ይሄዳል። እዚህ ድረስ አብረን ነን።

አሁን ከኖራው ልጀምር፣ ከሁሉም የከፋው ስህተት እሱ ነው።

ኖራ ለአሲዳማ አፈር መድኃኒት ነው፣ በዚህ ክርክር የለም። ወለጋ፣ ጎጃም፣ ብዙ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ የወሰደበት ደጋና ወይናደጋ ላይ ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ፣ 7 መሃሉ ነው፣ ከዛ በታች አሲዳማ፣ ከዛ በላይ አልካላይ) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ስለሚሟሟ ስር ይጎዳል፣ ኖራ ሲጨመር ሰብሉ ይድናል፣ መንግስትም የኖራ ዘመቻ የሚያካሂደው ለዛ ነው። የማዕድን ቦታም ቢሆን ድንጋይ ከሰል ወይም ወርቅ የወጣበት፣ ፓይራይት የሚባለው ሰልፈር ያለበት ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ የሚያመነጭበት አለ፣ እዛ ኖራ ግዴታ ነው። ጸሐፊው ያነበቡት የዚህ አይነት ቦታ ምክር ይመስለኛል፣ እዛው ቦታው ላይ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር። ግን የድሬዳዋ ካባ ምንድነው? የኖራ ድንጋይ! የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣልያን ጊዜ ድሬዳዋ የተተከለው እኮ ይሄ ድንጋይ ስላለ ነው። ኖራ ራሱ ከዚሁ ድንጋይ ነው የሚሰራው፣ ወይ ተፈጭቶ ወይ ተቃጥሎ። ታዲያ ከኖራ ድንጋይ በተፈጨ ዱቄት ላይ ኖራ መነስነስ ምን ይጨምርለታል?

የማያምን ሰው ላብራቶሪ እንኳን አያስፈልገውም። ከተተወ የኖራ ድንጋይ ካባ ወለል ላይ ያንን ነጭ ደቃቅ አፈር አንድ ጭብጥ ዝገኑና ሎሚ ጨምቁበት፣ ወዲያው ቲሽ እያለ አረፋ ያወጣል፣ ያ አረፋ የሎሚው አሲድ የኖራ ድንጋዩ ዋና ንጥረ ነገር የሆነውን ካልሲየም ካርቦኔት ሲያገኘው የሚወጣው ጋዝ ነው። እንደዚህ የሚፈላ አፈር ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው የሚሆነው፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ፣ እና ካርቦኔቱ እስካለ ድረስ ከዛ ንቅንቅ አይልም። «እሺ ኖራው ይቅር፣ አፈር ውስጥ አሲድ የሚሆነውን ሰልፈር ጨምረን ፒኤቹን እናውርደው» የሚል ካለ ደሞ ሂሳቡን አብረን እንስራው፤ አንድ ሄክታር በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 2,600 ቶን ገደማ አፈር አለው፣ ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ብቻ ካርቦኔት ቢሆን 26 ቶን ነው፣ እሱን ለማጥፋት 8 ቶን ሰልፈር ይፈልጋል። የካባ ደቃቅ ደሞ 30 በመቶውም ከዛም በላይ ካርቦኔት ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት በሄክታር ወደ 250 ቶን ሰልፈር ነው። የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አፈሩን ከምንቀይር አፈሩን የሚችል ተክል መምረጥ ነው ያለብን፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሃሳቤም እሱ ነው፣ መሬቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚታዘዝ መድኃኒት ይጎዳል።

ኖራው ምንም ባይጠቅም እንኳን አይጎዳም የሚል ይኖራል። ይጎዳል። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ብረት፣ ዚንክና ማንጋኒዝ አፈሩ ውስጥ እያሉ ይታሰራሉ፣ ስሩ ሊያወጣቸው አይችልም። ምልክቱ በዓይን ይታያል፤ አዲስ የሚወጣው ለጋ ቅጠል ቢጫ ይሆንና የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ መረብ መስሎ ይቀራል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ውሃ አንሶት ነው ብሎ ያጠጣዋል፣ ውሃው ግን ብረቱን አይፈታለትም።

ወደ ማዳበሪያው ስንመጣ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የካባ ወለል ላይ ቅጠልና ስር በስብሶበት ስለማያውቅ ናይትሮጅን የለም በሚባል ደረጃ ነው፣ ይሄ ልክ ነው። ነገር ግን ዩሪያ አልካላይ በሆነና በጋለ መሬት ላይ ሲበተን ናይትሮጅኑ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይበናል፣ የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይሄ ለምን እንደሚብስ ይገባዋል። የኤንፒኤሱ ፎስፈረስ ደሞ ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ድንጋይ ይሆናል፣ ተክሉ የሚያገኘው ትንሹን ነው። ዋናው ግን ማዳበሪያ ውሃ አይዝም፣ አፈር አያያይዝም፣ ህይወት አያስገባም፣ እነዚህን የሚያደርገው ብስባሽ ነው። እሱ ደሞ እኛ ጋ ሞልቷል አቦ! ድሬና ሐረር፣ አወዳይ፣ በየቀኑ የሚጣለው የጫት ገራባ ስንት ነው? ፍየል ከበላው የተረፈው መንገድ ዳር ተከምሮ ይቃጠላል ወይ ቱቦ ይደፍናል። ከከብት ፍግ ጋር ተቀላቅሎ በደንብ ከበሰበሰ በየጉድጓዱ ሁለት ሶስት አካፋ ማድረግ ከየትኛውም ከረጢት ማዳበሪያ የተሻለ ነው። ሳይበሰብስ ከተጨመረ ግን ራሱ የሚበሰብስበትን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማል፣ እሱ ይታሰብበት።

አሁን ስለ መጠቅጠቁ። እዚህ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ይሄ ስህተት በሌላ አገር በውድ ዋጋ የተከፈለበት ነው። አሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. የከሰል ማዕድን ቦታ መልሶ መልማት አለበት የሚል ሕግ ወጣ፣ ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን ኩባንያዎቹ መሬቱ እንዳይንሸራተት ብለው በከባድ ማሽን እየተመላለሱ አስተካክለው ጠቀጠቁት፣ ላዩን ሳር ዘሩበት። አፓላቺያ የሚባለው ተራራማ አካባቢ ድሮ ጫካ የነበረው ሁሉ ሳርና ቁጥቋጦ ሆኖ ቀረ፣ የሚተከለው ዛፍ አልይዝ አለ። በኋላ የደን ባለሙያዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ የጸሐፊውን ምክር በቀጥታ ይቃረናል፤ ቢያንስ 1.2 ሜትር የሚሆን ስር የሚሰድበት ነገር ሳይጠቀጠቅ ልቅ ሆኖ ይደፋ፣ ማሽን በተቻለ መጠን አይመላለስበት፣ ላዩ ወጣ ገባ ይሁን አሉ። የተጠቀጠቀውንም በሪፐር፣ መሬት በሚሰነጥቅ የማሽን ጥርስ፣ እየገመሱ እንደገና ተከሉበት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጤነኛ አፈር በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1.3 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ግማሹ ክፍተት ነው፣ አየርና ውሃ የሚቀመጥበት። ገልባጭና ሎደር የተመላለሰበት የካባ ወለል 1.8 ሊደርስ ይችላል፣ ያኔ ክፍተቱ ወደ አንድ ሶስተኛ ይወርዳል፣ የቀረውም ስር የማያስገባ ጠባብ ነው። ሸክላነት ያለው አፈር ላይ ደሞ 1.5 አካባቢ ሲደርስ ስር መሄድ ያቆማል። እስቲ ካባ ላይ የደረቀ ችግኝ ስታገኙ ነቅላችሁ እዩት፣ ከተተከለ ዓመት ያለፈው እንኳን ቢሆን ብዙ ጊዜ ስሩ የፖሊቲኑን ቅርጽ እንደያዘ ነው፣ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ እዛው ቀርቷል፣ ከዶማው ጉድጓድ አንድ ስንዝር አልወጣም። ጉድጓዱ የሸክላ ማሰሮ ሆኖበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሞላበትና ይታፈናል፣ ዝናቡ ሲያልፍ ይደርቅበታል።

«ካልተጠቀጠቀ ይሸረሸራል» የሚለው ስጋታቸው ከልብ ነው፣ ድሬዳዋ ስለ ጎርፍ የሚነገራት ከተማ አይደለችም፣ የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የበላው በአንድ ሌሊት ነው። ግን ውሃው ተጠራቅሞ የሚመጣው መሬቱ አልጠጣ ሲል አይደለም እንዴ? የተጠቀጠቀ ወለል ዝናቡን ሳይጠጣ ቁልቁል ይለቀዋል። ልቅና ወጣ ገባ የሆነው፣ ግማሽ ጨረቃና ትሬንች የተሰራለት ነው ውሃውን ባለበት የሚይዘው። የሚጠቀጠቅ ነገር ካለ መንገዱና የክትሩ ግርጌ ነው፣ ገደል የሆነው የካባ ግድግዳም በእርግጥ ደረጃ በደረጃ ተሰርቶ መረጋጋት አለበት፣ እዚህች ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ሌላው የሞተ መሬት የሚባለው ነገር ነው። ኬንያ ውስጥ ሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ የሚባል ቦታ የሲሚንቶ ፋብሪካ ካባ አለ፣ ጥንት ከባህር ኮራል የተሰራ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ተቆፍሮ ሲያልቅ የፀሐይ ነጸብራቁ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ምድረ በዳ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ረኔ ሃለር የሚባል የእርሻ ባለሙያ 26 ዓይነት ዛፍ ሞከረበት፣ ከስድስት ወር በኋላ የተረፉት ሶስት ብቻ ናቸው፤ ካዙዋሪና፣ ኮኖካርፐስና ኮኮናት። በካዙዋሪናው ቀጠለ፣ እሱ ስሩ ላይ ናይትሮጅን ከአየር የሚያስር ባክቴሪያ ስላለው ነው። ግን የሚረግፈው ቅጠል አልበሰብስ ብሎ መሬቱ ላይ ተከመረ፣ ያኔ ሚሊፒድ የሚባለውን ባለብዙ እግር ፍጥረት ሰብስቦ ለቀቀበት፣ እነሱ እየበሉ ወደ ብስባሽ ቀየሩት፣ በዛ ብስባሽ ላይ ሌላው ዛፍ ተተከለ። ዛሬ ሃለር ፓርክ ተብሎ ቀጭኔና ጉማሬ የሚታይበት ቦታ ነው። ይሄን የማነሳው እንቅዳው ብዬ አይደለም፣ የነሱ ዝናብ ከኛ ይበዛል፣ ውሃም ከካባው ወለል ቅርብ ነው። ግን ከ26ቱ 23ቱ ሲደርቁበት መሬቱ ሞቷል አላለም፣ ለመሬቱ የሚሆነውን ፈለገ እንጂ።

አፈር ከሌላ ቦታ ይምጣ የሚለውስ? አንድ ሄክታር 30 ሳንቲ ሜትር ለማልበስ 3,000 ኪዩቢክ ሜትር አፈር ነው የሚያስፈልገው። 16 ኪዩብ የሚጭን ሲኖ ወደ 190 ጊዜ ይመላለሳል፣ ለአንድ ሄክታር! እና ይሄ ለም አፈር ከማን ማሳ ነው የሚገፈፈው? የሐረርጌ ገበሬ በእርከን እየደገፈ ያቆየውን አፈር ወስዶ ካባ ማልበስ አንዱን ቁስል ለመሸፈን ሌላ ቦታ ቆዳ መግፈፍ ነው። መጥቶ ቢደፋም የተጠቀጠቀ ወለል ላይ ከሆነ ሁለቱ አይዋሃዱም፣ ውሃው መሃላቸው ላይ ይቆማል፣ ተዳፋት ከሆነ ደሞ ይንሸራተታል።

ይልቅ ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት ነገር አለ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ካባው ሳይከፈት በፊት ላዩ ላይ የነበረው አፈር የት ሄደ? የኛ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ጋራ ላይ የላይ አፈሩ ስስ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ 10 ወይ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ስስ ስለሆነም ማንም ከቁብ አይቆጥረውም፣ ዶዘሩ ከድንጋዩ ጋር ደባልቆ ገደል ይሰደዋል። ግን የዛ ጋራ የሳርና የቁጥቋጦ ዘር፣ ከስር ጋር ተባብሮ ፎስፈረስ የሚያመጣው ፈንገስ፣ ያ ሁሉ እዛች ስስ አፈር ውስጥ ነው ያለው። መጀመሪያ እሱ ለብቻው ይገፈፍ። ከተቻለ አሁኑኑ ተቆፍሮ ያለቀ ሌላ የካባው ጥግ ላይ በቀጥታ ይልበስ፣ ይሄ ከሁሉ የተሻለው ነው። ካልተቻለ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ዝቅ ያለ ክምር ይቀመጥ፣ ላዩ ላይ ሳር ይዘራበት፣ ለዓመታት አይቆይ፣ ከፍ ብሎ የተከመረ አፈር ውስጡ አየር አጥቶ ዘሩም ፈንገሱም ይሞታል። ይሄ ስራ ማሽኑ እዛው እያለ የሚሰራ ስለሆነ ወጪው ትንሽ ነው፣ ካለፈ በኋላ ግን በገንዘብም አይገኝም። ኮሚቴ አቋቁመው ካባ ለማልማት የሚሯሯጡ ወጣቶች ካሉ ጉልበታቸውን ያለቀው ካባ ላይ ብቻ ከሚያፈሱ ገና የሚከፈተው ላይ ይሄን ቢጠይቁ ነው የምለው።

ስለ ዛፎቹ አጭር ልበል። ፕሮሶፒስ ጨውም አልካላይም ይችላል፣ ከሰልም ይሆናል፣ ይሄን አልክድም። ግን ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው በኛው በድሬዳዋ አካባቢ ነው እየተባለ የሚነገርለት ዛፍ አፋርን ምን እንዳደረገ ሄዶ ማየት ነው፣ ከብት ፍሬውን እየበላ በእበቱ ዘርቶት የግጦሽ መሬቱን ዘግቶታል። እንደገና በእጃችን ይተከል ማለት ለጎረቤትም አለማሰብ ነው። ባህር ዛፍ ደሞ ካርቦኔት የበዛበት ላይ ብዙው ዓይነት ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ቢይዝም ስሩ ሌላ ነገር አያበቅልም፣ እኛ የምንፈልገው ደሞ መሬቱ እንዲሸፈን ነው። ለድሬ ቆላ ግራር፣ ቁርቁራ፣ ሁመር አሉ፣ ኒምም መጤ ቢሆንም እንዲህ ያለ አፈር ይችላል፣ ከነሱ ስር የአካባቢው ሳር። ጸሐፊው ድሬንና ሐረርን አንድ ላይ ጠቅልለው ነው የጻፉት፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች፣ ለሐረር ወይራና ክትክታ የተሻለ ነው፣ የሐረሩን ድሬ አምጥቶ መትከል ችግኙ ላይ ሞት መፍረድ ነው።

«በአንድ ክረምት» የሚለው ደሞ ከርዕሱ ጀምሮ ነው የሚያሳስተው። የድሬዳዋ ዝናብ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም በልግና ክረምት ተብሎ ተከፍሎ፣ መሃሉ ላይ ደረቅ ነው። እስቲ አንድ ነገር እናስላ፤ ጥሩ አፈር በ50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተክል የሚጠቀምበት 75 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ካባ ላይ ግን ከይዘቱ 60 በመቶው ድንጋይና ጠጠር ከሆነ የሚቀረው 30 ሚሊ ሜትር ነው። በሙቀቱ ጊዜ በቀን ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይተናል፣ ስለዚህ ችግኙ ዝናብ ካቆመ በኋላ ያለው ስንቅ የአንድ ሳምንት እንኳን አይሞላም። ሐምሌ ላይ ፎቶ ስንነሳ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ጥር ላይ ማን ሄዶ ያያል? ድንጋዩ ራሱ ግን ጠላት ብቻ አይደለም፣ በችግኙ ዙሪያ ላዩ ላይ ሲደረደር ትነት ይቀንሳል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይም ስር ያሳልፋል፣ ስለዚህ ችግኝ ስንጥቁን ተከትሎ ይተከል፣ ለቁጥር ብቻ በገመድ ቀጥ ተደርጎ አይደርደር።

ፍየልና ግመል ከገባበት ደሞ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ጸሐፊው ስለ አጥር ቃል አልተነፈሱም። ከአካባቢው ሰው ጋር ሳር እያጨዱ እንዲወስዱ ተስማምቶ ቢያንስ ሶስት ዓመት ከንክኪ መከልከል ግድ ነው።

ለጸሐፊው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የሚያስቡት ካባ ላይ ችግኝ ከመጫናቸው በፊት ከወለሉ፣ ከክምሩና ከጠርዙ ለየብቻ አፈር ይውሰዱ፣ ፒኤቹ፣ ጨዋማነቱ፣ የድንጋዩ ድርሻ፣ የመጠቅጠቁ መጠንና የብስባሹ ይዘት ይለካ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ላብራቶሪ አለው፣ ሩቅ አይደለም። ከተከሉም በኋላ የጸደቀውን መስከረም ላይ አይቁጠሩት፣ ሁለተኛው በጋ አልፎ ይቁጠሩትና ቁጥሩን እዚሁ ግሩፕ ላይ ያውጡት።